ምጽዋን የጠበቃት መድፍ ነው ወይስ የውሃ ስልቻ?

ጥያቄ — ሰምሃር_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ምጽዋ ደሴት ናት፣ ወደብም ናት፤ ጠላት ይመጣባታል ከተባለ ከባሕር መሆን ነበረበት። የ1880ዎቹን የጣልያን ምሽጎች በካርታ ስትከተሏቸው ግን ሰልፉ ወደ የብስ ነው የሚሄደው፦ ሕጡምሎ፣ እምኩሉ፣ ሕርጊጎ፣ ከዚያ እስከ ሰሓጢ። ለምን እንዲህ ሆነ?

ሁለተኛ፣ ደሴቷ ላይ የሚጠጣ ምንጭ የለም፣ ዝናቡም ስሙ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ነጋዴ፣ ወታደርና በቅሎ ምን አጠጣው? ሦስተኛ፣ የባሕር ጨው ሲመረት ከጥሬው ውሃ ምን ያህሉ ጨው ይወጣዋል? በመጨረሻም በ1941 ጣልያኖች መርከቦቻቸውን ወደቡ ውስጥ አሰመጡ ሲባል እሰማለሁ። መርከብ በማስመጥ ወደብ እውነት ይዘጋል? ከተዘጋስ በምን ይከፈታል?

ባንዲራውን ለሌላ ቀን ትተን በቁጥርና በአሠራር የምታስረዱኝ ካላችሁ ደስ ይለኛል። ቀኑንና ዓመቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድርጉት፣ እንዳንምታታ።


መልስ — ውሃ_ልክ

ከውሃው ልጀምር፤ የምሽጎቹ ምሥጢር ያለው እዚያ ነው።

ምጽዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የሚጥለውም ደጋው ላይ በጋ ሲሆን፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ገደማ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ይመጣል። 100 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ ወይም የተለሰነ ግቢ 180 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 18 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይደፋል፤ ጥቂቱ ይረጫል፣ ጥቂቱ ይተናል። ሩቡ ጠፋ ብንል 13,500 ሊትር ይቀራል። ለመጠጥና ለወጥ በቀን 5 ሊትር ብቻ የሚበቃው ሰው (ገላውን በባሕር ውሃ ይታጠብ) በዓመት 1,825 ሊትር ይፈጃል። ደህና የሚባል ግቢ እንግዲህ ሰባት ሰው ያጠጣል ማለት ነው፤ ዝናቡ በከዳ ዓመት ሦስት ወይም አራት። በቅሎ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለችም።

ስለዚህ የከተማዋ ውሃ ከየብስ ነበር የሚመጣው፤ ለረጅም ዘመን ዋናው ምንጭ በባሕረ ሰላጤው ማዶ ያሉት የሕርጊጎ ጉድጓዶች ነበሩ። ውሃው በጀልባ ይሻገር ነበር። ለምሳሌ 5,000 ሰው በቀን 25,000 ሊትር ይፈልጋል፤ 25 ሊትር በሚይዝ የቆዳ ስልቻ ሲቆጠር በየቀኑ 1,000 ስልቻ። ነፋስ ከተነሣ ወይም የጉድጓዱ ጌታ ከተቆጣ ከተማዋ በማግስቱ ጉሮሮዋ ይደርቃል።

ጌታውም ይቆጣ ነበር። ኦቶማኖች በ1557 በኦዝዴሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋን ሲይዙ ሕርጊጎንም አብረው የያዙት ውሃው ስለገባቸው ነው። በኋላ የየብሱን ጉዳይ ለአካባቢው ናይቦች (በኦቶማን ስም ለሚያዙ ሹማምንት) ተዉት። ናይቡ ከምጽዋ ጉምሩክ ገቢ የሚከፈለው ደሞዝ ነበረው፤ ደሞዙ ሲቀር ወይም ከደሴቱ ገዢ ጋር ሲጣላ ውሃውን ያቋርጣል። መድፍ ያለው ገዢ ስልቻ የያዘውን ናይብ ደጅ ይጠናል።

ይህን የለወጠው የግብፅ ዘመን ነው። ግብፆች ምጽዋን በ1865 ተረከቡ። በ1870ዎቹ አገረ ገዢ የነበረው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ሁለት ነገር ሠራ። አንደኛ፣ ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ ሁለት መንገድ አወጣ፤ ምጽዋን ከጥዋለት ደሴት የሚያገናኘው ግማሽ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ጥዋለትን ከየብስ የሚያገናኘው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛ፣ ከእምኩሉ ውሃ በመስመር ወደ ከተማዋ አስገባ። እንዲህ ያለ መስመር በሙቅ አገር መሸፈን አለበት፤ ክፍት ቦይ ከሆነ ግማሹ ሳይደርስ ይተናል፣ የቀረውን ግመል ይጠጣዋል። የብረት ቱቦ ደግሞ ጨዋማ አፈር ውስጥ ሲቀበር ቶሎ ይበላል፤ መጀመሪያ የሚያፈሰው ከመጋጠሚያው ነው፣ በዚያው በኩል ጨው ይገባበታል።

ግብፆች ግን ሳያስቡት የደሴቲቱን ትልቁን መከላከያ አፈረሱ። እስከዚያ ድረስ ጀልባ የሌለው ሠራዊት ምጽዋን ማዶ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። አፄ ሠርፀ ድንግል በ1580ዎቹ መጨረሻ እስከ ሕርጊጎ ወርደው ቱርክን መትተዋል፤ ደሴቲቱ ግን በቱርክ እጅ ቀረች። ድንጋዩ ከተሞላ በኋላ እግረኛ በእግሩ ይገባል። ከዚህም በላይ የከተማዋ ሕይወት ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ጉድጓድ ላይ ተንጠለጠለ። ምሽጉ ውሃውን ተከትሎ ወደ የብስ መውጣቱ ግድ ነበር።


መልስ — ኖራ_ቤት

ውሃ_ልክ ስለ ዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶቹ ቸኩሎ አለፈ፤ እኔ ልሙላ። ትልቁ ምሳሌ ምጽዋ ከተማ ውስጥ አይገኝም። ከፊት ለፊቷ ያለው ዳህላክ ከቢር ነው። የድሮው የዳህላክ ሱልጣኖች ከተማ በኩፊ ፊደል በተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮቿ ትታወቃለች፤ ለሥራ ሰው የሚገርመው ግን ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈሉት ጉድጓዶች ናቸው። የአገሩ ሰው ለዓመቱ ቀን አንድ አንድ፣ 365 ናቸው ይላል። ቁጥሩ ለአፍ እንዲጥም የተስተካከለ ይመስለኛል፤ ብዛታቸው ግን እውነት ነው።

ደሴቱ ራሱ የቆየ ኮራል ድንጋይ ነው፤ መርጃን የምንለው ማለት ነው። ለመፈልፈል ይመቻል፣ ውሃ ለመያዝ ግን ወንፊት ነው። ስለዚህ ሳይለሰን ዋጋ የለውም። በቀይ ባሕር ዳርቻ የተለመደው አሠራር የሚከተለው ነው። ኮራሉ ተቃጥሎ ትኩስ ኖራ ይሆናል። ኖራው በውሃ ይበርዳል፣ ከዚያ ለሳምንታት በጉድጓድ ይተኛል። ሳይተኛ የተለሰነ ኖራ ውስጡ ያልበረደ ፍሬ ይቀርበታል፤ ፍሬው ግድግዳው ላይ ከርሞ ሲያብጥ ልስኑን እንደ ብጉር ያፈነዳዋል። የሚቀላቀለው አሸዋ ከባሕር ዳር ከመጣ በሚጠጣ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ሰው የሚሰስተው እዚህ ላይ ነው፣ ጨው የቀረበት ልስን ደግሞ አይቆይም። ሲደቅ ዱቄት የሚሆን ሸክላ ቢገባበት እርጥበት ውስጥም ይጠነክራል፤ ተራው ኖራ ለመጠንከር አየር ይፈልጋል።

ልስኑ በአንድ ጊዜ ወፍራም ሆኖ አይመታም። ቀጭን ቀጭኑን፣ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አንዱ ሳይደርቅ ገና እርጥብ እያለ ሌላው ይደረብበታል። ሥራው በጥላ ወይም በሌሊት ነው። በምጽዋ ፀሐይ የተለሰነ ኖራ እስከ ማታ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ማዕዘኑ ክብ ይደረጋል፣ ምክንያቱም ስንጥቅ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጥግ ነው። አፉ ጠባብ መሆኑ ደግሞ ለወጉ አይደለም። በዚያ አገር ክፍት ውሃ በዓመት 2 ሜትር ያህል ይተናል፤ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ክፍት ገንዳ አንድም ሰው ሳይቀዳበት በዓመቱ ባዶ ነው። አፉ ጠቦ ጣሪያው ድንጋይ ከሆነ ግን ትነቱ ከቁጥር አይገባም፣ ብርሃንም ስለማይገባ አረንጓዴ አይዝም።

የምጽዋ ቤቶችም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ከባሕር የወጣ ኮራል እርጥብ ሳለ በመጥረቢያ ይቀረጻል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ግንቡ መካከል በየተወሰነ ከፍታ እንጨት አግድም ይገባል፣ ክብደቱን ለማከፋፈል። ዛሬ የሚያፈርሳቸው ትልቁ ስህተት ሲሚንቶ ነው። ከመሬት የሚወጣው ጨዋማ እርጥበት በኖራው በኩል ይተነፍስ ነበር፤ በሲሚንቶ ሲታፈን ጨው ከልስኑ ጀርባ ይጠራቀምና የግንቡን የታችኛውን አንድ ሜትር ወደ ዱቄት ይለውጠዋል። «ለማጠናከር» ተብሎ የሚለሰነው ሲሚንቶ ነው የሚጥላቸው።


መልስ — የካርታ_ሰው

የሁለቱም ሐሳብ ጥሩ ነው፤ የባሕሩ በኩል ግን ባዶ እንደነበረ አታድርጉት። በባሕር በኩል ምሽግ ያነሰበት አንዱ ምክንያት ተፈጥሮ ራሷ ስለሠራችው ነው። ከ100 በላይ የሆኑት የዳህላክ ደሴቶችና በመካከላቸው ያለው ኮራል ለትልቅ መርከብ የሚተዉት ሁለት መግቢያ ነው፦ የሰሜኑ ሰርጥና የደቡቡ ሰርጥ። የወደቡ አፍ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ጠባብ በር ነው፤ በአንድ ወገን የምጽዋ ጫፍ፣ በሌላው የዐብደልቃድር ልሳነ ምድር።

መብራትና ምልክት ባልነበረበት ዘመን የማያውቅ መርከበኛ እዚህ የሚገባው በቀለም ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው፤ ፈዛዛ አረንጓዴ አሸዋ ነው፤ ቡናማ ወይም ቢጫ ሲመጣ ኮራሉ ከመርከቡ ሥር ደርሷል። ቀለሙ የሚለየው ግን ፀሐይ ከኋላ ሆና ከፍ ስትል ብቻ ነው። ወደ ምዕራብ እየቀዘፈ ለሚገባ ሰው ጥሩው ሰዓት ረፋዱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣና ባሕሩ ሁሉ መስታወት ይሆናል። ነፋስ በሌለበት ቀንም አደጋ ነው፣ ኮራሉ ላይ የሚሰበር ነጭ ማዕበል ስለማይታይ። ምልክቱን ያነሣ፣ መንገድ የሚመራውንም መርከበኛ ያስወጣ ከተማ ግማሽ መከላከያውን ሠርቷል።

የጣልያን ምሽጎች ጥያቄ ሌላ ነው። ጣልያኖች በየካቲት 5፣ 1885 ሲያርፉ የግብፅ ጦር አልተዋጋቸውም፤ እንግሊዞችም ይሁን ብለዋል። በባሕር በኩል የሚመጣባቸው ማንም አልነበረም። የሚፈሩት ከደጋ የሚወርደውን የራስ አሉላን ጦር ነበር። ስለዚህ በወደቡ ዙሪያ ጥዋለት፣ ገራርና ዐብደልቃድር ተይዘው፣ የፊቱ ሰልፍ ሕጡምሎና እምኩሉ ላይ፣ ደቡቡ ሕርጊጎ ላይ ሆነ። ሰሓጢ የተፈለገው ደግሞ የሲራራ ነጋዴ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ ስለሆነ ነው። ራስ አሉላን ያስቆጣውም ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ የምሽግ ሰልፍ ድክመቱ ይታያል። በጥር 25፣ 1887 ራስ አሉላ ሰሓጢን መቱ፤ ምሽግ ውስጥ የነበረው ወታደር መለሳቸው። በማግስቱ ግን ከእምኩሉ ስንቅና ጥይት ይዞ ወደ ሰሓጢ የሚሄደውን 500 ያህል ሰው ዶጋሊ ላይ ከበቡት፤ ከጥቂት ቁስለኛ በቀር የተረፈ አልነበረም። ምሽጉ አልወደቀም። የወደቀው በሁለት ምሽግ መካከል የሚሄደው ሰው ነው። በምሽጎቹ መካከል ያለው ርቀት አንዱ በመድፍ ሌላውን ከሚደግፍበት ከበለጠ፣ መካከሉ የአጥቂው ነው።

ጣልያኖች ይህን ተማሩና በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ መላ አመጡ። ወደ 20,000 ሰው አስገቡ፣ ከምጽዋ እስከ ሰሓጢ 27 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ሐዲዱ በ1911 አስመራ የደረሰው መስመር መጀመሪያ ነው፤ ሲጀመር ግን ሥራው ውሃ፣ ብስኩትና ጥይት ማመላለስ ነበር። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1888 ከብዙ ሠራዊት ጋር ሰሓጢ ፊት ለፊት ሰፈሩ። ጣልያኖቹ ከምሽግ አልወጡም። በየቀኑ በባቡር የሚቀለበውን ጦር በረሃ ላይ ቆሞ ማስራብ አይቻልም፤ የሚራበው ከበባ ያደረገው ነው። በዚያ ላይ ደርቡሽ ጎንደርን አቃጥሎ ነበር፤ ንጉሡ ተመለሱ።


ሰምሃር_ዳር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ውሃው በየብስ እጅ ከሆነ፣ ከሙንዚንገር በፊት የነበሩት ነገሥታት ሕርጊጎን ይዘው ደሴቲቱን በጥም ለምን አላንበረከኩም?


መልስ — ውሃ_ልክ

ሕርጊጎን መያዝና ሕርጊጎ ላይ መክረም ይለያያል። ቆላው ለደገኛ ሠራዊት ወባ ነው፣ ለፈረሱና ለበቅሎውም ሣር የለውም። ጉድጓዱም ስንቱን ያጠጣል? አሥር ሺህ ሰው በቀን 50,000 ሊትር በትንሹ ይፈልጋል፤ ከነከብቱ እጥፍ ድርብ። የከበበው ጦር ጉድጓዱን ከተከበበው ቀድሞ ያደርቀዋል። ደሴቲቱ በተቃራኒው ባሕሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ከዳህላክም ከሌላም ውሃ በጀልባ ታመጣለች።

የውሃን ጉዳይ በገንዘብ የፈቱት እንግሊዞች ናቸው። በ1867 መጨረሻ ለመቅደላ ዘመቻ ዙላ ላይ ሲያርፉ (ጥንት አዱሊስ የነበረችበት ባሕረ ሰላጤ ነው) የባሕር ውሃ በእንፋሎት መርከቦች አፍልተው፣ ተኑን አቀዝቅዘው ጠጡ። ለሰዎቹ በቃ። መጀመሪያ የደረሱት በቅሎዎች ግን በጥምና በበሽታ ብዙ አለቁ፤ የውሃ ማፍያው ከመደራጀቱ በፊት እንስሳቱ ወርደው ነበር። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ማለት ይህ ነው።

አፄ ዮሐንስ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከሩ። በሰኔ 3፣ 1884 በተፈረመው፣ በእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ስም በሚጠራው ውል ዕቃቸው፣ መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ በነጻ እንዲያልፍ አስፈረሙ። ጣልያን ያረፈው ዓመት ሳይሞላ ነው።


መልስ — ቦሜ_25

ጨውን ማንም አልነካውም፣ ስለዚህ የእኔ ድርሻ ነው። አሞሌን ለጊዜው ርሱት፤ እሱ ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ ተቆርጦ የሚወጣ ነው። የምጽዋው ጨው በፀሐይ የሚተን የባሕር ውሃ ነው፣ በፋብሪካ ደረጃ የተጀመረውም በ1905 ነው።

በምጽዋ አካባቢ በአንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ውስጥ 39 ኪሎ ያህል ልዩ ልዩ ጨው አለ፤ ከዚያ የምንበላው 30 ኪሎ ገደማ ነው። በሥራ ላይ የሚገኘው ግን 22 ወይም 23 ኪሎ ነው፤ የቀረው ከመራራው ውሃ ጋር ይደፋል ወይም መሬት ይጠጣዋል። ለአንድ ቶን ጨው እንግዲህ 45 ሜትር ኩብ ውሃ ይገባል።

ሥራው ሁሉ የሚመራው በቦሜ መለኪያ ነው፤ ውሃው ምን ያህል ጨው እንደያዘ ከክብደቱ በዲግሪ የሚያነብ መሣሪያ ነው። ጥሬው የባሕር ውሃ 3.5 አካባቢ ያነባል። 13 ገደማ ሲደርስ ጀሶ መውረድ ይጀምራል፤ ይህ ጀሶ በመጀመሪያዎቹ ኩሬዎች ወለል ላይ መቅረት አለበት፣ ከጨው ጋር ከተደባለቀ አይወጣም። 25 ተኩል ላይ የውሃው መጠን አንድ አሥረኛ ቀርቷል፣ ጨውም ይጥላል። በዚህ ምክንያት የማትነኛ ኩሬዎቹ ስፋት ከጨው ማውረጃዎቹ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። አዲስ የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው ማውረጃውን አብዝቶ ነው፤ ከዚያ ኩሬው ያልበሰለ ውሃ ይሞላና ሳምንታት ዝም ብሎ ይጠብቃል።

29 ሲደርስ ውሃው ይደፋል፣ ስስት የለም። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ማግኒዥየም ያለበት ነው፤ ጨውን መራራ ያደርገዋል፣ ከረጢት ውስጥም እርጥበት እየሳበ ያላቅሰዋል። ገዢ የሚመልሰው ጨው አብዛኛው ጊዜ ሁለት ዲግሪ ለማትረፍ ሲባል የተበላሸ ነው።

ወለሉ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ጨው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን ሳይነካ ይተዋል፤ የሚታፈሰው ከዚያ በላይ ያለው ነው፣ አለበለዚያ አካፋው ጭቃ ያወጣል። የታፈሰው ጨው በንጹሕ ውሃ አይታጠብም፣ ይሟሟላ። የሚታጠብበት 25 የደረሰ የጨው ውሃ ነው፤ ጨዉን ሳይነካ ቆሻሻውንና መራራውን ይወስዳል። ምጽዋ ላይ ዝናቡ ኅዳር ስለሚመጣ አፈሳው በጥቅምት ማለቅ አለበት፤ የተከመረው ደግሞ ሾጣጣ ይደረጋል። ያልታፈሰ ኩሬ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከጣለ የሁለት ሳምንት ሥራ ሄደ።


መልስ — ጠላቂ_ደወል

የ1941 ጥያቄ ቀርቷል። አንዳንዱ ምጽዋ ከባሕር ተወረረች ይላል፤ አይደለም። የተያዘችው ከአስመራና ከሰሜን የባሕር ዳርቻ በየብስ በመጣ የእንግሊዝና የአጋሮቿ ጦር ነው፤ ሚያዝያ 8፣ 1941 የጣልያኑ አድሚራል ቦኔቲ እጃቸውን ሰጡ። የባሕር መከላከያው በመጨረሻዎቹ ቀናት ራሱን በላ። የቀሩት አጥፊ መርከቦች ወጥተው ተበተኑ፦ አንዷ ኮራል ላይ ወጣች፣ ሁለቱን በሚያዝያ 3 ከፖርት ሱዳን የተነሡ አውሮፕላኖች አሰመጧቸው፣ የቀሩትን ሠራተኞቻቸው ራሳቸው አጠፏቸው። የተሳካላት አንዲት ትንሽ የቶርፔዶ ጀልባ ናት፤ በመጨረሻው ሌሊት ኬፕታውን የተባለችውን የእንግሊዝ ክሩዘር መታ አቆሰለቻት።

ከዚያ በንግድ ወደቡም፣ በባሕር ኃይሉም፣ በደቡቡም ወደብ መርከብ ሁሉ እንዲሰምጥ ተደረገ። አሠራሩ ዝም ብሎ መቅደድ አልነበረም፤ በመግቢያው ላይ በሰልፍ፣ አፍንጫና ጭራ አገናኝተው ነበር ያሰመጧቸው። ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ የመርከቡ አካል ራሱ ግድግዳ ይሆናል። ወደብ ይዘጋል ወይ ላልከው፣ መግቢያው ጠባብና ጥልቀቱ ከመርከቡ ቁመት ያነሰ ከሆነ አዎ፣ ይዘጋል። ሰፊ በሆነ ቦታ ግን አንዲት መርከብ ከሰልፉ ወጥታ ከሰመጠች በክፍተቱ ሌላው ይገባል።

በ1942 የመጣው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ያገኘው ይህን ነው። የጥገና ቤቱ ማሽኖችም በመዶሻ ተሰባብረው ነበር፤ የተሰበረውን ቁራጭ ሞዴል አድርጎ አዲስ እያስቀረጸ አስነሣቸው። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የሰመጠው ትልቅ ተንሳፋፊ ዶክ (መርከብን ለጥገና ከውሃ በላይ የሚያነሣ መድረክ) ነበር። ጣልያኖቹ በየክፍሉ ቦምብ አፈንድተው ወለሉን ቀደውታል።

እዚህ ላይ ያለው ዘዴ ቀላል ፊዚክስ ነው። ቀዳዳው ከታች ከሆነ መድፈን አያስፈልግም። ጠላቂው የላይኛውንና የጎኑን ብቻ አየር እንዳያወጣ ያሽገዋል፤ ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር ይገባል፤ አየሩ ውሃውን በቀዳዳው ገፍቶ ያስወጣዋል። በየ10 ሜትር ጥልቀት አንድ አትሞስፌር ግፊት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መግፋት ጣሪያውን ማፍረስ ነው። ችግሩ ሚዛን ነው። አንዱ ጫፍ ቀድሞ ከተነሣ በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ወደ ላይኛው ጫፍ ይሮጣል፣ ያኛው ይበልጥ ይነሣል፣ ዶኩ ይገለበጣል። ስለዚህ አየሩ በየክፍሉ ለየብቻው፣ በቫልቭ እየተለካ ይገባል። ጭቃም ይይዛል፤ ከጭቃው ሲላቀቅ በድንገት ስለሚዘል በዚያች ሰዓት ጠላቂ ሥሩ አይሆንም። ያ ዶክ በግንቦት 1942 ተነሣ።

ጎኗ የተቀደደ መርከብ ግን በአየር ብቻ አይሆንላትም፤ ቀዳዳው ከፍ ካለ አየሩ በዚያው ይወጣል። ለእሷ ጠላቂው ቀዳዳውን ለክቶ ከውሃ በላይ የእንጨት መድፈኛ ይሠራል፣ ከውስጥ በብሎን ይስበዋል፣ ዙሪያውን በስፌት ጨርቅና በሲሚንቶ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ፓምፕ። ፓምፑ በስንጥቁ ከሚገባው ውሃ በላይ ማውጣት አለበት፤ እኩል ከሆነ ቀኑን ሙሉ ነዳጅ ማቃጠል ነው። ውሃው ሲቀንስ ደግሞ የቀረው ከጎን ወደ ጎን እየተናጠ መርከቧን ያጋድላታል፤ ብዙ መርከብ ሁለተኛ የሚሰምጠው ከተነሣ በኋላ በዚህ ነው። ሌላም አለ፦ የሚነሣ መርከብ ሆድ ውስጥ ያልፈነዳ ፈንጂ ሊኖር ይችላል። ምጽዋ ላይ ይህ ደርሷል፤ ጠላቂ በጨለማ ዳስሶ ነው የሚያገኘው።

በዚያው በጋ ሮመል ወደ እስክንድርያ ሲጠጋ የእንግሊዝ ክሩዘሮች ዩሪያለስ፣ ክሊዮፓትራና ዳይዶ ለጥገና ምጽዋ መጡ። ሲጫኑ ወደ 7,000 ቶን የሚጠጉ ናቸው፤ ከኢራን ተጎትቶ የመጣው ሁለተኛው ዶክ ደግሞ ያን አይሸከምም ነበር። የዳይዶ ጉዳት ጭራዋ ላይ ስለነበር ጭራዋን ብቻ ዶኩ ላይ አወጡት፤ አፍንጫዋ ከዶኩ ወጥቶ ባሕሩ ላይ ቀረ፣ የራሷ ተንሳፋፊነት ከፊሉን ክብደት ያዘላቸው። ይህን ሲሠሩ የድጋፍ እንጨቶቹ ቁመት ተዳፋት መሆን አለበት፣ መርከቧ አዘንብላ ስለምትቀመጥ፤ የዶኩ የኋላ ክፍሎችም ከፊተኞቹ በተለየ መጠን ነው ውሃ የሚለቁት።